«ባዶ ቦታ» ብዬ የጻፍኩበት ሜዳ፦ ለወጣት የከተማ ፕላን ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ወር ለሥራ ልምምድ ከመጡ ተመራቂዎች መካከል አንዲት ልጅ፣ «ከተማ ለመናፈሻ ብሎ ሰው ከይዞታው ቢያስነሣ ተገቢ ነው ይላሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። መንግሥት ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሊወስድ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መደንገጉን ነገርኳትና አለፍኩ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም የሸሸሁበት መልስ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

በ2000 ዓ.ም. በአንዲት የክልል ከተማ ጀማሪ ፕላነር ነበርኩ። ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ከግማሽ ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ነበር፤ ግማሹ ክፍት ሜዳ ሲሆን የቀረው ሦስት ቤተሰቦች በነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ ከድሮ ጀምሮ፣ የያዙት ቤትና ጓሮ ነበር። የከተማው ፕላን ሁሉንም አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል፤ ለመናፈሻ የተያዘ ነው ማለት ነው። ለምክር ቤቱ ሁለት አማራጭ ቀረበ፦ ሦስቱን ቤተሰቦች በካሳና በምትክ ቦታ አስነሥቶ ሙሉውን የሰፈር መናፈሻ ማድረግ፣ አለዚያም እነሱን ሳይነኩ ፕላኑን አሻሽሎ ሜዳውን ለሊዝ ጨረታ ማውጣት። የሙያ አስተያየት እንዳቀርብ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ።

ቦታውን ለማየት የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ በሜዳው ላይ ከታሰሩ ሁለት በጎችና ከተሰጣ ጌሾ በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም። ስለዚህ በትሬሲንግ ወረቀቱ ላይ፣ በዚያ ዘመን እንኮራበት በነበረው የሮትሪንግ የንድፍ ብዕር፣ «ባዶ ቦታ» ብዬ ጻፍኩበት። ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ እንደሚጫወቱበት፣ ደመራ እንደሚደመርበት፣ ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን እንደሚተከልበት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከይዞታዎቹ የአንዱ ባለቤት የሆኑ አንዲት እናት ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና ስለ ካሳው ጠየቁኝ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ቤታቸው በመተኪያ ዋጋ፣ ማለትም መሰሉን እንደ አዲስ ለመሥራት በሚጠይቀው ወጪ፣ እንደሚገመት፣ አጥሩና ዛፉም እንደየዓይነቱ እንደሚታሰብ፣ መሬቱ ግን የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ዋጋ እንደማይወጣለት አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ፣ «ጎረቤቴስ በስንት ተገመተች፣ ልጄ?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዓመታት በኋላ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ሲደነግግ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ የእሳቸው ስኒ ነበር።

አስተያየቴ ነዋሪዎቹን ማንሣት እንደማያስፈልግና መናፈሻው ወደፊት በሌላ ቦታ ሊታሰብ እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ለእኚያ እናት አዝኜ እንደጻፍኩት ለብዙ ዓመታት ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሰኔ 30 ቀርቦ ነበር፤ ገማች ኮሚቴ ማቋቋሙ፣ ንብረት መቁጠሩ፣ ከዘጠና ቀን ያላነሰ የማስለቀቂያ ጊዜ መስጠቱና ቅሬታ መስማቱ ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ስለሚያሻግረኝ ሥራውን ፈራሁት። ምክር ቤቱ ሐሳቤን በአንድ ስብሰባ አጸደቀው። ሜዳው ተሸጠ፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆመበት። ከአራት ዓመት በኋላ ለዚያው ሕንፃ መዳረሻ መንገድ ሲወጣ እኚያ እናት ከነጎረቤቶቻቸው ተነሡ።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ይዛችኋል፤ በሳተላይት ምስል የጣሪያውን ቆርቆሮ ሳይቀር ትቆጥራላችሁ። ነገር ግን ቢሮ ውስጥ ጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር ከፍታችሁ ስለማታውቁት ሰፈር በልበ ሙሉነት ስትከራከሩ ስሰማ፣ ጫማችሁ አቧራ የማይነካው ለምንድን ነው እያልኩ እናደዳለሁ። አንድ ረፋድ አይቶ የፈረደ ሰው ይህን ለመናገር ምን መብት አለው ብትሉኝ፣ መልስ የለኝም።

ለዚያች ልጅ ዛሬ ብመልስላት፣ አዎ፣ ያስነሣ እላት ነበር። ለመንገድ 30፣ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ 30፣ ለግንባታ 40 በመቶ የሚለውን የአዲስ አበባን መዋቅራዊ ፕላን ቀመር ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ዳሩ ግን ሁለተኛው 30 ገቢ ስለማያስገባ ጨረታ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ፎቅ የቆመበትን ቦታ ደግሞ መልሶ መናፈሻ ያደረገ ከተማ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ይህን ካልኩ በኋላ፣ በሌላ ከተማ አርሶ አደር ተነሥቶ የተሠራ መናፈሻ በሩ ሁልጊዜ ተቆልፎ፣ ቅዳሜና እሑድ ለሙሽሮች ፎቶ ብቻ ሲከፈት አይቻለሁና፣ በዚያ ቀን ብትጠይቀኝ ኖሮ አያስነሣ እላት ነበር። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው።

ባለፈው ጥቅምት በዚያች ከተማ በኩል ሳልፍ፣ ከሕንፃው አጠገብ የዕድር ድንኳን አስፋልቱ ላይ ተተክሎ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ «ድሮ እኮ ሜዳው ላይ ነበር የሚተክሉት» አለኝ። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገርኩትም።