ሰባቱ የታንድ ቡድኖች ምን ይጠቅማሉ? ለጠየቅሽን እናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የስምንት ዓመት ልጅሽ ቲዩበረስ ስክሌሮሲስ ኮምፕሌክስ (ቲኤስሲ) የሚባል፣ በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ላይ እብጠት የሚያመጣ የጂን በሽታ አለበት። አንዱ ሐኪም ኦቲዝም ነው አለሽ፣ ሌላዋ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ነው አለችሽ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ «ባህሪው አስቸገረን» ይላል። ሌሊት አይተኛም፣ አዲስ መድኃኒትም ጀምሯል። አሁን አዲሷ የነርቭ ሐኪም «ችግሮቹን በሰባት ቡድን ከፍለን እንያቸው» ስትልሽ ግራ ገባሽ። «ሌላ ስም ልትጨምርልኝ ነው ወይስ የሚረባ ነገር አለው?» ብለሽ ጠየቅሽ።

የሚረባ ነገር አለው። እንዲያውም እንዲህ ያለች ሐኪም በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ቲኤስሲ ያለባት። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፍልሽ ከእሷ ጋር ስኖር ያየሁትንና በየጊዜው እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩ ያወቅሁትን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ከልብሽ ይውጣ። የልጅሽ ባህሪ ከአስተዳደግሽ የመጣ አይደለም። ቲኤስሲ የሚመጣው ከሁለት ጂኖች በአንዱ ላይ በሚፈጠር ለውጥ ነው፤ አንዱ ክሮሞዞም 9 ላይ፣ ሌላው ክሮሞዞም 16 ላይ ይገኛል። ሁለቱ ጂኖች ኤምቶር ለሚባለው የሴል እድገት መንገድ እንደ ፍሬን ናቸው። ፍሬኑ ሲላላ በአንጎል፣ በኩላሊት፣ በቆዳ፣ በልብና በሳንባ ላይ እብጠቶች ይፈጠራሉ። ግን አንጎል የሚጎዳው በእብጠቱ ብቻ አይደለም። የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙበትም መንገድ ይዛባል። ከሦስት ሰዎች በሁለቱ ገደማ ለውጡ ከእናትም ከአባትም ያልተወረሰ፣ እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው።

ከዚህ በሽታ ጋር የሚመጡት የባህሪ፣ የስሜት፣ የትምህርትና የአስተሳሰብ ችግሮች በአንድ ላይ «ታንድ» ይባላሉ። ስያሜው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስብሰባ ነው። ምክንያቱም የሚያሳዝን ነበር። ቲኤስሲ ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ውስጥ ከእነዚህ ችግሮች ቢያንስ አንዱ ይገጥማቸዋል፤ ተመርምረው እርዳታ ያገኙት ግን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ወሬው ሁሉ ስለ መንቀጥቀጡ (ቲኤስሲ ስለሚያመጣው የሚጥል በሽታ)፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ስለ ኤምአርአዩ ነው። ቤት ውስጥ የሚያሰቃየንን ማን ይጠይቀናል? ለዚህ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታንድ መጠይቅ ታተመ። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መሞላት አለበት። ሐኪምሽ ካላነሳችው አንቺ አንሺው።

አሁን ወደ ቡድኖቹ ልምጣ። ተመራማሪዎች የብዙ ሰዎችን መልስ ሰብስበው «በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚታዩት የትኞቹ ናቸው?» ብለው በስታቲስቲክስ ፈተሹ። ያገኟቸው ሰባት ናቸው፦ ኦቲዝም መሰል ችግሮች፣ ስሜትንና ባህሪን መቆጣጠር አለመቻል፣ የምግብና የእንቅልፍ ችግር፣ ድብርትና ጭንቀት፣ የማስታወስና የማቀድ የአንጎል ሥራዎች ችግር፣ መቅበጥበጥና ሳያስቡ ማድረግ፣ የንባብ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ችግር። በአንዱ ቡድን ውስጥ አንድ ነገር ካየሽ በዚያው ቡድን ያሉት ሌሎቹም መኖራቸውን ትፈትሻለሽ። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። አለበለዚያ አንዱን ችግር ስታባርሪ ሌላው ብቅ ይላል፣ ለእያንዳንዱም ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ስም።

ቡድን ግን ምርመራ አይደለም። ልጅሽ «ኦቲዝም መሰል» በሚለው ውስጥ ገባ ማለት ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ የለበትም ማለትም አይደለም። ያ ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል፣ እንዲደረግለትም አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ብዙ አገልግሎቶች በምርመራ ወረቀት ነው የሚገኙት። ደግሞም አንዱ ሐኪም ኦቲዝም፣ ሌላዋ ኤዲኤችዲ ስላሉሽ አንዳቸው ተሳስተዋል ብለሽ አታስቢ። በቲኤስሲ ሁለቱ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

የእኔን ልጅ ልንገርሽ። ክፍል ውስጥ «ትእዛዝ አትሰማም» ይባል ነበር። ቤትም ያው ነው። «ጫማሽን አውልቂ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪ፣ እጅሽን ታጠቢ» ስላት ጫማዋን ታወልቅና እዚያው በር ላይ ቆማ ትቀራለች። ስቆጣ ታለቅሳለች። ሰነፍ አይደለችም፣ እልኸኛም አይደለችም። አሳቢ ልጅ ናት፣ የማሰብ ችሎታዋም ሲለካ ከእኩዮቿ ጋር እኩል ነው። የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ (የማስታወስ፣ የማቀድና የመሳሰሉትን የአንጎል ሥራዎች የሚለካ) ሲደረግላት ግን ነገሩ ወጣ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ በአእምሮዋ መያዝ ይከብዳታል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትእዛዝ ሰምታቸዋለች፣ ግን ጫማዋን እስክታወልቅ ከአእምሮዋ ጠፍተዋል። ከሰሌዳ ስትገለብጥም እንዲሁ ነው፤ ቀና ብላ አንብባ ወደ ደብተሯ ጎንበስ እስክትል ግማሹ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አንድ ትእዛዝ ብቻ፣ ሲያልቅ ቀጣዩ። በሩ አጠገብ ሦስት ሥዕል ለጠፍን። መምህሯ የሚገለበጠውን በወረቀት ይሰጧት ጀመር። ለቅሶው በጣም ቀነሰ። እንግዲህ እዩት፤ «ባህሪ» እየተባለ የሚጠራው ነገር ከሌላ ቡድን የመጣ ነበር። ይህ ችግር በመልካም ውጤት ጀርባ ተደብቆ ስለሚኖር፣ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ ምንም የለበትም» ቢሉሽ እንኳ ምርመራው ይደረግ በይ።

ለአንቺ ልጅ ግን እኔ ብሆን የምጀምረው ከእንቅልፉ ነው። ያልተኛ ልጅ በማግስቱ ይቀበጠበጣል፣ ይቆጣል፣ ትምህርት አይገባውም። የእንቅልፍ ማጣት የሚጥል በሽታውንም ያባብሳል። ሌሊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ደግሞ እንቅልፉን ይሰብራል። ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደነቃ፣ ሲነቃ ምን እንዳደረገ፣ መድኃኒቱን መቼ እንደወሰደ ጻፊ። እንግዳ እንቅስቃሴ ካየሽ በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪሟ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የምታገኘውን ከእኛ ረጅም ገለጻ አታገኘውም። የሌሊት ኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ) ያስፈልገው እንደሆነም ከዚያ ተነስታ ትወስናለች።

ራሱን የሚመታ ወይም ሌላውን የሚነክስ ከሆነ (በጥያቄሽ ላይ በደንብ አልገለጽሽውም) መጀመሪያ የሚፈለገው ሕመም ነው። መናገር የሚቸግረው ልጅ ጥርሱን ሲያመው፣ ሆዱ ሲደርቅበት፣ ኩላሊቱ ላይ ያለው እብጠት ሲደማ በእጁ ነው የሚነግርሽ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምልሽ ይህን ነው። ባህሪው በድንገት ከተቀየረ ቡድን ውስጥ አታስገቢው። ደህና የነበረ ልጅ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከተለወጠ፣ የሚያውቀውን ከረሳ፣ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣበት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ጋር ሂጂ። በቲኤስሲ ሴጋ የሚባል እጢ በአንጎል የፈሳሽ መተላለፊያ አጠገብ ሊያድግ ይችላል፤ መንገዱን ከዘጋው አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። የመንቀጥቀጥ መባባስም ባህሪን ይለውጣል። መድኃኒትም እንዲሁ። ለምሳሌ ሌቬቲራሲታም የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንዳንድ ልጆች ላይ ብስጭትና ቁጣ ያመጣል። ይህ ደረሰ ብለሽ ግን መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ደውይና ተነጋገሪ።

ስለ ኤቨሮሊመስም ጠይቀሻል። ኤምቶርን የሚገታ መድኃኒት ነው። ለሴጋ፣ ለኩላሊት እብጠትና በሌላ መድኃኒት አልቆም ላለ መንቀጥቀጥ በእርግጥ ይረዳል። ለባህሪና ለትምህርት ግን በልጆች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ተስፋ የተደረገውን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ሐኪምሽ ለመንቀጥቀጡ ካዘዘችው መልካም፤ ታንድን ያጠፋል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ለታንድ የሚሠራው የንግግር ሕክምና፣ የባህሪ ሥልጠና፣ የትምህርት ድጋፍ፣ ኤዲኤችዲም ሆነ ጭንቀት ካለ ለማንኛውም ልጅ የሚሰጠው የታወቀው ሕክምና ነው። «ቲኤስሲ ስላለበት ነው፣ ምንም አይደረግለትም» የሚል ካለ አትቀበይው።

ድብርትና ጭንቀት የሚለውን ቡድን ደግሞ ለኋላ ያዥው፣ ግን አትርሺው። ልጄ አሥራ አራት ሲሞላት ረበሻው ሁሉ ጠፋና ዝም አለች። ሁሉም ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አደገች» አለን። ፊቷ ላይ ያለው ሽፍታ ያሳፍራት ነበር፣ ሰው ፊት መንቀጥቀጥ ይመጣብኛል ብላም ትሰጋ ነበር። ጸጥ ያለ ልጅ ማንንም ስለማያስቸግር ማንም አይጠይቀውም። በየዓመቱ መጠይቁን የምንሞላው ለዚህም ነው፤ ልጅ ሲያድግ የሚገኝበት ቡድን ይቀየራል።

በቀጠሮሽ ቀን ሰባቱን ሁሉ ልፍታ አትበይ። ሐኪሟን እንዲህ በያት፦ «ከሰባቱ የትኞቹ የእኛ ናቸው? ከየትኛው እንጀምር? በዚያ ላይ የሚረዳን ማነው?» አንዱን መርጣችሁ ለጥቂት ወራት ሥሩበት። የራስሽንም ድካም ንገሪያት፤ የወላጅና የወንድም እህት ጭንቀት የታንድ አንዱ ክፍል ተደርጎ ነው መጠይቁ ውስጥ የገባው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የታንድ ምክርም የቤተሰቡን ደኅንነት አብሮ ይዟል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። እንቅልፉ የጠፋው አዲሱን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሱን ከጻፍሽልን እዚህ ካለነው ወላጆች ብዙዎቻችን የምንነግርሽ አለን፣ ሐኪምሽም መጀመሪያ የምትጠይቅሽ ይህንኑ ይመስለኛል።