ለውሻ ማልቀስ ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ሚኒሶታ ነው። መከታ የሚባል ላብራዶር ውሻ ነበረኝ። 11 ዓመት አብረን አደን ወጥተናል። የምናድነው ፌዛንት የሚሉትን የቆቅ ዘመድ ነው። በነሐሴ እግሮቹ አልነሣ አሉት፤ መብላትም አቆመ። የእንስሳት ሐኪም በመርፌ አሳረፈው፤ እኔ ጭንቅላቱን ይዤው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ እንባዬ ይመጣል። የማኅበር ጓደኞቼ «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ? እግዚአብሔርን ማስቆጣት ነው» አሉኝ። እውነት ኃጢአት ነው? ጸሎት ሊደረግለትስ ይችላል? አደን በጥቅምት ይከፈታል። የ14 ዓመት ልጄ «አባዬ እንሂድ» ይለኛል። እኔ ግን ጠመንጃውን ማየትም አልቻልኩም። የአንገቱን ቃጭል መኪናዬ መስተዋት ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እሱንም «ጣዖት ነው» ያለኝ ሰው አለ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ቃል ለውሻ ኀዘን ተናገረ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የማጽናናው አንተን ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ፍትሐት የለም፤ ተዝካርም የለም። ይህ ሥርዓት በእግዚአብሔር አርኣያ ለተፈጠረው፣ ተጠምቆ ትንሣኤን ለሚጠብቀው ሰው ነው። ካህን ለምነህ አታስጨንቅ፤ መልሱ አይለወጥም። የመርፌው ነገር ሕሊናህን እየቆረቆረህ ከሆነ ግን በዚያ አትሠቃይ። የሰውን ነፍስ እንዲህ ማሳረፍ ፈጽሞ አይፈቀድልንም። ሥቃይ ላይ ያለ እንስሳ ግን ሌላ ነው። «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል መጽሐፈ ምሳሌ 12፥10። አንተም ራርተህ ነው ያደረግኸው።

አሁን ወደ እንባው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የገጠመኝ ስሕተት አለ። ፍቅርን በቁና የሚሰፈር እህል እናስመስለዋለን። ለውሻው የሰጠኸው ከሰው ላይ የጎደለ፣ ለሰው የሰጠኸው ደግሞ ከእግዚአብሔር ላይ የተሰረቀ ይመስለናል። ለፋሲካ የተገዛው በግ ሲታረድ ያለቀሰ ሕፃን ተቆጥተው «ዝም በል፣ ነውር ነው» ሲሉት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጁ ምን አጠፋ? ሳምንት ሙሉ ሣር ያበላው እሱ ነው።

ያገራችን ገበሬ እንዲህ አያስብም። በሬው የሞተበትን ሰው ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ይተካልህ» ይለዋል። «እሱማ ሀብቱ ስለሆነ ነው» ትሉ ይሆናል። ሀብትነቱ እውነት ነው። ግን ገበሬው በሬውን በስም ይጠራዋል፤ ሲያርስ ያወራዋል፤ ሲሞትበት ሆድ ይብሰዋል። የአንተ መከታም እንዲሁ 11 ዓመት የሥራ ባልደረባህ ነበር።

እኔ በልጅነቴ ውሻ ወዳድ አልነበርኩም። የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ ይዘን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ከሰው ቀድሞ የሚወጣው ውሻ ነው። ባቴ ላይ ያለው የንክሻ ጠባሳ ዛሬም አልጠፋም። አንድ ቀን ታዲያ አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ስደርስ ውሻው አልጮኸም። ሽማግሌው ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው አፈር እያለበሱት ነበር። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እጃቸውን ታጥበው ገቡና ለእኔ እንጀራ ይዘው ወጡ። ከሌላው ቀን የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። ለውሻቸው በማዘናቸው ለድሃው የሚሰጡት አልጎደለባቸውም። ያን እንጀራ ስለበላሁ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ።

«ውሻ ርኩስ ነው» የሚሉህም አሉ። ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ፣ ሥርዓት ነው። ቤተ መቅደስ አይገባም ማለት ግን ፈጣሪው ይጠላዋል ማለት አይደለም። ጳጉሜን 3 ቅዱስ ሩፋኤልን ስናከብር መጽሐፈ ጦቢትን እንሰብካለን። ስለ ዓሣው እንናገራለን፤ የሽማግሌው የጦቢት ዓይን እንዴት እንደበራ እንናገራለን። ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው አብሯቸው እንደ ሄደ ግን ብዙዎቻችን ዘለን እናልፋለን። ምዕራፍ 5ን ገልጠህ አንብበው። ሊቀ መላእክት በሄደበት መንገድ ላይ ውሻም ሄዷል፤ ሩፋኤልም «መልሰው» አላለም። ጌታችንም ስለ ድንቢጦች ሲናገር «ከእነርሱም አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም» ብሏል (ሉቃ. 12፥6)። ድንቢጥን ያልረሳ አምላክ ፊት፣ ስለ መከታ ስታለቅስ ማፈር የለብህም።

ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያለቀስከው ለውሻው ብቻ ነው? ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ እንደሚመስለኝ ያጣኸው ጠዋቶችህንም ነው። በዚያ አገር ሰው በሥራ ተወጥሮ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስልኩ ዝም የሚልበት፣ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ጫማ ሥር ኮሽ የሚልበት ጊዜ ያ ብቻ ይሆናል። ያገራችሁ ሕግ የፌዛንቱን ወንድ እንጂ ሴቷን መምታት እንደሚከለክል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወፉ ተነሥቶ መልኩ እስኪለይ ድረስ ትታገሣለህ። ያ ትዕግሥት፣ ያ ዝምታ ሰውን ወደ ልቡ ይመልሰዋል። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ደክመው ሲመለሱ ተጨማሪ ሥራ አልሰጣቸውም። ወደ ምድረ በዳ ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ነው የነገራቸው (ማር. 6፥31)። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያሳለፍከውን ጊዜ የባከነ ነው የሚልህን አትስማ። የእሑዱን ቅዳሴ እስካላስቀረህ ድረስ ቅዳሜህን ባርኮ የሰጠህ እግዚአብሔር ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገርህ። ልጅህ 14 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በገዛ ፈቃዱ አባቱን «አብረን እንሂድ» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ እንቢ ብትለው አራተኛ ላይጠይቅህ ይችላል። ደግሞ እሱም አዝኗል። ያ ውሻ ሲመጣ ልጁ የ3 ዓመት ሕፃን ነበር፤ አብረው ነው ያደጉት። አንተ በመኪና ውስጥ ብቻህን ስታለቅስ እሱ የት እንደሚያለቅስ ጠይቀኸዋል?

ስለዚህ በጥቅምት ሂዱ። ጠመንጃውን ማንሣት ካቃተህ የመጀመሪያውን ቀን ባዶ እጃችሁን ሂዱ። መከታ የሚወደውን ቦታ አሳየው። ቡችላ ሆኖ መጀመሪያ ወፍ ያነሣበትን ቀን ንገረው። እንባህ ቢመጣ ፊትህን አታዙር፤ ልጅህ ይይህ። ከዚያ ቆማችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። የምትደግሙት ለውሻው አይደለም፤ 11 ዓመት ለሰጣችሁ አምላክ ምስጋና ነው።

ቃጭሉም ጣዖት አይደለም። አትሰግድለትም፣ አትለምነውም። ከመስተዋቱ ላይ ፍታውና ያን ቀን ለልጅህ ስጠው፤ እሱ ይያዘው።