«ምን ላስመጣ?» ለምትሉኝ የድሬ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ወጣት ከዚራ ሰፈር አስቁሞኝ «ጋሼ፣ ትንሽ ብር ቋጥሬያለሁ፤ ከውጭ ምን ባስመጣ ያዋጣኛል?» አለኝ። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ስልክ፣ ጫማ፣ ሶላር። ዕድሜዬን በቡና ንግድ ነው የጨረስኩት። «ምን ልላክ?» ያለኝ ወጣት ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል። በ1895 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ እኮ ባዶውን አልተመለሰም። የሐረርጌን ቡናና ቆዳ ጭኖ ይወርድ ነበር።

ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

1994 አካባቢ ነው። የዓለም የቡና ዋጋ ክፉኛ የወደቀበት ጊዜ። እኔ አንድ ላኪ ዘንድ ቡና ቀማሽ ነበርኩ። ከሐረርጌዋ በደኖ በኩል ቡና የሚያቀርብልን ነጋዴ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይዞ መጣ። «ቡናዬ የት እንደሚሄድ ልይ» ብለው ነው በጭነት መኪናው የተሳፈሩት። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ጋ ሄደው ቆሙ። ከተዘረጋው ላይ አንዲት ወርቅማ ፍሬ አነሱና በጥርሳቸው ነከሷት። ቀጭ አለች። «ይቺ በደንብ ደርቃለች» አሉ። ሌላ አነሱ። ስትነከስ ተጠፈጠፈች። አሸተቷት። «ይቺ ባዶ መሬት ላይ የተሰጣች ናት» ብለው መለሷት። እኔ ውሃ አፍልቼ፣ ስኒ ደርድሬ፣ በማንኪያ እየማግኩ የምደርስበትን እሳቸው ቆመው ጨረሱት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸው ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅመው፣ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ ሠርተው፣ ማታ ማታ እየሸፈኑ ነው የሚያደርቁት። የእሳቸውና ያኛው አፈር አፈር የሚሸተው ዋጋቸው ስንት ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። አንድ ነበር። ሰብሳቢው ጋ ሲደርስ ሁሉም ይቀላቀላል። እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ታዲያ አልጋው ለምን?» ብቻ አሉ።

ኋላ ነጋዴውን ስጠይቀው ቡናውን ነቅለው ጫት ተክለዋል አለኝ። እንዴት ልፍረድባቸው? ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ አወዳይ ገበያ ላይ ብር ይሆናል። ቡና በዓመት አንዴ ነው። የሚቆጨኝ፣ ለዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ሰባራ ሳንቲም የሚጨምር አንድ ሰው በመጥፋቱ ነው። የሐረር ቡና ስሙ የገነነበት ያ የሞካ ጣዕም ከእንደዚያ ዓይነት እጅ ነው የሚወጣው። ያኔ ገለባው እንኳ አይጣልም ነበር፤ ሀሸራ ተብሎ ይፈላል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ታፈላው ነበር።

ዛሬ መንገዱ ተከፍቷል። ከ2009ኙ የቡና ግብይት አዋጅ ወዲህ ቡና ምርት ገበያ ሳይገባ፣ ከየት እንደመጣ እየታወቀ፣ በትስስር፣ ማለትም ከአቅራቢው በቀጥታ፣ ወደ ላኪ መሄድ ይችላል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ደግሞ የዶላር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ላኪ ዶላሩን በርካሽ ምንዛሬ እየመነዘረ እንደ ድሮው አይጎዳም። እናንተ ግን ገጠር መውጣት አትወዱም። በደኖ ከዱባይ ይርቅባችኋል። ጠዋት ገዝቶ ማታ ማትረፍ ለምዳችኋል።

ቢሆንም ከእኛ የምትሻሉበት ነገር አለ። የኒውዮርክን የቡና ዋጋ በስልካችሁ ወዲያው ታያላችሁ። እኛ ከአለቃችን አፍ ነበር የምንሰማው። ገበሬውም ዛሬ ስልክ አለው። አትዋሹት።

ለቀማው ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ብራችሁን ለኮንቴነር ከመስጠታችሁ በፊት ወጣ በሉና አልጋ የሠራ ገበሬ ፈልጉ። ፈቃድ ሳታወጡ ግን አንድ ኪሎ እንዳትገዙ። የእሱን ቡና ከማንም ጋር አትቀላቅሉ፤ ጆንያው ላይ ቀበሌውን ጻፉበት። ናሙናውን እዚሁ ድሬዳዋ የጥራት ምርመራ ማዕከል አስቀምሱ። ደረጃው ከፍ ካለ ስንት እንደምትጨምሩለት ገና ሳይለቅም ተነጋገሩ፤ በጽሑፍም አድርጉት።