የአባባን የክርስትና ስም ማን ያውቃል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። አያቴ በጥምቀት ማግሥት አረፉ። 94 ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ወደ ኮርያ ጦርነት ከላከችው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምተዋል፤ ከዚያም ብዙ ዓመት በውትድርና አገልግለዋል። እኛ የልጅ ልጆቹ የምናውቃቸው ግን በቤተ ክርስቲያን ሰውነታቸው ነው። ንጋት 11 ሰዓት ከዘራቸውን ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይወጣሉ። በወር በ7፣ በሥላሴ ቀን፣ ቀርተው አያውቁም። ስለ ኮርያ ስንጠይቃቸው የሚነግሩን ስለ ብርዱ ብቻ ነበር። አሁን አርባቸው ደረሰ፤ ጾም ውስጥ ገባብን። አጎቶቼ ‹የሃምሳ አለቃ ተዝካር በሽሮ ወጣ ሊባል ነው?› ብለው፣ ከፋሲካ በኋላ ተበድረው በሬ ሊጥሉ፣ ድንኳን ሊተክሉ ነው። ፎካሪም ይጠራል ተብሏል። እናቴ ፍትሐቱ፣ የሙታን ጸሎቱ፣ ይበቃል ትላለች። የትኛው ይሻላል? ደግሞ ለመጠየቅ አፍራለሁ እንጂ፣ በጦርነት ሰው የገደለ ወታደር ነፍሱ እንዴት ትሆናለች? በቀብሩ ዕለት ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁን ማናችንም አላወቅንም፤ በዓለም ስማቸው ተፈታላቸው። እሱም ቅር ብሎኛል።»

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የአያትሽን ነፍስ ይማር።

ከጥያቄሽ ሁሉ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ትበልጥብኛለች። ከእሷ ልጀምር። በሬውና ድንኳኑ ይደረስባቸዋል።

እኔም የራሴን አያት የክርስትና ስም የሰማሁት በቀብራቸው ዕለት ነው። ትንሽ ዲያቆን ነበርኩ፤ ጥላ ይዤ ቆሜያለሁ። ቄሱ «ነፍሰ ገብርከ»፣ የባሪያህን ነፍስ፣ አሉና ቆም ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞረ። ወንድምየው ወደ ሴቶቹ ዞረ። ጸጥ! በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት «ኃይለ ሚካኤል ነው እንጂ!» ብለው ጮኹ። የአያቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ አብረው ነው ያደጉት። እሳቸው ያን ዕለት ባይመጡ ኖሮ እኛም እንደናንተ ነበርን።

በወታደር ቤት ይሄ ይብሳል። ሰፈሩም፣ እድሩም፣ ሚስትም ሳትቀር «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚሉት። ማዕረጉ ስሙን ይውጠዋል። የክርስትና ስሙን የሚያውቀው እግዚአብሔርና የንስሐ አባቱ ብቻ ይሆናሉ።

እስቲ ይህን አስቢው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ይጠመቃል። ካህኑ ያን ቀን ስም ያወጣለታል። በሞተ በ40 ቀኑም በቅዳሴው የሚጠራው ያው ስም ነው። ማዕረግም ኒሻንም አይጠራም። «ተዝካር» የሚለው ቃል ግእዝ ነው፤ «ዘከረ»፣ አሰበ ከሚለው የመጣ። መታሰቢያ ማለት ነው። በማን ፊት? የሐዋርያት ሥራ ላይ የአንድ ወታደር ታሪክ አለ፤ የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ። መልአኩ ምን አለው? «ጸሎትህና ምጽዋትህ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ እንዲሆን አረገ» (ሐዋ. 10፥4)። ጸሎትና ምጽዋት ነው ያለው። በሬ አልተነሣም።

ስለዚህ አርባው ሳይደርስ ስሙን ፈልጉት። መጀመሪያ የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ። ካላገኛችኋቸው የጽዋ ማኅበርተኞቻቸውንና ሰንበቴውን ጠይቁ። ከአያትሽ ጋር ያደገ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ሂዱ፤ ለነገ አትበሉ። ደግሞ የጸሎት መጽሐፋቸውን ግለጪው። «ለገብርከ እገሌ» የሚል ቦታ ሲደርሱ ብዙ አባቶች «እገሌ» የሚለውን ሰርዘው በእስክሪብቶ ስማቸውን ይጽፉበታል። ገጹ በጣት ብዛት የጠቆረበት ቦታ ላይ ፈልጊ፤ እዚያ አታጪውም። ጨርሶ ባይገኝስ? እግዚአብሔር የሚያውቀውን ሰው እንዲምር ነው የምንለምነው፤ ጸሎቱ አይቆምም።

አሁን ወደ አርባው። ቤተ ክርስቲያናችን በሣልስት፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80፣ በመንፈቅ፣ በሙት ዓመትና በ7 ዓመት ሙታንን ታስባለች። በሣልስት የሚታሰበው ጌታ በሦስተኛው ቀን ስለ ተነሣ ነው። ለሙሴ እስራኤል 30 ቀን አለቀሱ (ዘዳ. 34፥8)። ለያዕቆብም 40 ቀን ተፈጸመለት (ዘፍ. 50፥3)። ጾም ውስጥ መግባቱ ጸሎቱን አያስቀረውም። ፍትሐቱም ቅዳሴውም በቀኑ ይደረግ። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀን ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከካህናቱና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ቀድማችሁ ሰዓት ተነጋገሩ። ፍትሐት የማይደረገው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ለዚያም ነው በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ለሁሉም የሚደረገው። እንግዲህ ቀኑ ይጠበቅ። የሚቀርበው ምግብ ደግሞ የጾም ይሁን። ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ምስር። ምን ነውር አለው? ለዘመድ ከፋሲካ በኋላ አቅማችሁ የቻለውን ማብላት ክልክል አይደለም።

ብድሩ ላይ ግን ከአጎቶችሽ ጋር አልስማማም። በእኛ አገር ተዝካር ስንቱን ገበሬ የእርሻ በሬውን አሽጧል። አንዳንዱማ «ልጆቼ ዕዳ እንዳይገቡ» ብሎ በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተበደሩ አላለችም። «ሰው ምን ይለናል» ብሎ ተዝካር የሚያወጣ ሰው መታሰቢያውን በሰው ፊት አደረገው ማለት ነው። ያንኑ የበሬ ዋጋ እሩቡን እንኳ ውሰዱና በጠዋት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በራችሁ ላይ የሚቆሙትን የቆሎ ተማሪዎች ሰብስባችሁ አብሏቸው። ጎንደር እኮ የእነሱ አገር ናት። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየፈራ የሚለምን ልጅ ጠግቦ «ነፍስ ይማር» ሲል፣ ድንኳን ውስጥ ጥሬ ሥጋ ከሚያማርጥ እንግዳ አፍ ከሚወጣው ይልቅ እኔን ደስ ይለኛል። እናትሽ ልክ ናት፤ ምጽዋት ብትጨምርበት ደግሞ ይሞላል።

ስለ ወታደርነቱ መጠየቅሽ አያሳፍርም። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «እኛ ደግሞ ምን እናድርግ?» ሲሉት ጦራችሁን ጣሉ አላላቸውም። በሰው ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው (ሉቃ. 3፥14)። በሌላ በኩል ደም ማፍሰስ ቀላል ነገር ነው አትልም ቤተ ክርስቲያን። ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደሉትን ነፍሰ ገዳይ ብሎ አልቆጠራቸውም፤ ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ ብሎ መክሯል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያዢ። አገሩ የላከው ወታደር ነፍሰ ገዳይ አይባልም፤ ንስሐ ግን ያስፈልገዋል። አያትሽ በየማለዳው ሥላሴ ደጅ የሚቆሙት ለምን ይመስልሻል? በልባቸው ያለውን እኔ አላውቅም፤ የንስሐ አባታቸው ያውቃሉ። እኔ የማየው ስለ ብርዱ ብቻ አውርተው ሌላውን ለእግዚአብሔር ያስቀመጡ ሰው ነው።

ስለ ቃኘው አንድ ነገር ልበል፤ የልጅ ልጆች ማወቅ አለባችሁ። የመጀመሪያው ሻለቃ የዘመተው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። ተራ በተራ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሄደዋል፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። የወደቀባቸውንም ጥለው አልመጡም፤ አስከሬናቸው አገር ቤት ገብቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ይሄ የኔ ግምት ነው እንጂ፣ አያትሽ በወር በ7 የማይቀሩት ለዚህም ሊሆን ይችላል። ጓዶቹ ሥላሴ ቤት ያረፉ ሰው ሥላሴን እንዴት ይረሳል?

ወደ ፎካሪው። ፉከራ ስሰማ እኔም ጎንደሬ ነኝ፤ ጸጉሬ ይቆማል። በለቅሶ ቤት ስለ ጀግንነታቸው ማንሳት ኃጢአት ነው አልልም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግን አይሆንም። ጥይት መተኮስማ የትም አይሆንም፤ በደስታም በሐዘንም ስንት ሰው ጎድቷል። ደግሞ ፎካሪ ሥራው ግዳይ መቁጠር ነው። አያትሽ ከ70 ዓመት በላይ የዘጉትን በር በ5 ደቂቃ ይበረግደዋል። እኔ ብሆን አልጠራውም። ለአጎቶችሽ በዚህ መንገድ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል ብዬ አስባለሁ። ወታደር የወታደርን ዝምታ ያከብራል፤ የወታደር ልጅም እንዲሁ።

ሜዳሊያዎቹን ቤት አስቀምጧቸው፤ ለልጆች አሳዩአቸው። ፎቷቸውን ከሥዕለ አድኅኖ ጎን አትስቀሉት እንጂ ሳሎን ላይ ምንም አይደለም። ከዘራቸውን ለሌላ ሽማግሌ ስጡት። ሥላሴ ደጅ ከዘራ የሌለው አይጠፋም።

ስሙን እንዳገኘሽ ጻፊልኝ። እኔም በአርባቸው ዕለት በቅዳሴ እጠራቸዋለሁ።