ጎንደር ለሥዕል ወዳጅ

ጥያቄ፦ የሥዕል ሙዚየሞችንና ታሪካዊ ሥፍራዎችን መጎብኘት እጅግ እወዳለሁ። በቅርቡ ወደ ጎንደር ስለምጓዝ፣ ከፋሲል ግንብ ሌላ ምን እንድመለከት ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳይሳለሙ እንዳይመለሱ። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት የመሐዲ ተዋጊዎች፣ ደርቡሾች፣ የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈው ይህ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ከብዙ ሙዚየሞች ይበልጥብናል፤ ሥዕሎቹ ዛሬም ቅዳሴ በሚቀደስበት፣ በተሣሉለት ቤት ውስጥ ይገኛሉና። ቀና ሲሉ፣ በጣሪያው ላይ በተርታ የተደረደሩት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል ይመለከቱዎታል። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቢያስተውሉ ደግሞ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ መሆኑን ይረዳሉ። ውስጡ ደብዘዝ ስለሚል ዓይንዎ ብርሃኑን እስኪለምድ ይታገሡ፤ ቅዳሴ የሌለበትን ሰዓት አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው።