ጥርት ያለ፣ ግን ሕይወት የሌለው ፎቶ

ጥያቄ፦ በማክሮ ሌንስ ጥንዚዛና ሸረሪት አነሳለሁ። ፎከሱ ጥሩ ነው፤ ፎቶዎቼ ግን የመታወቂያ ፎቶ ይመስላሉ፤ ሁሉም ከላይ የተነሱ፣ መሃል ላይ የተተከሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ በሆድዎ ይተኙ። ሌንሱ ከሸረሪቷ ዓይን እኩል ሲወርድ ፊቷ ይታያል፤ ከኋላዋ ያለው ነገርም ስለሚርቅ ይደበዝዛል። ከጭንቅላቷ ጀርባ የሚያበራ ሰንበሌጥ ካለ ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ፤ ይበቃል።

ፎከሱን ዓይኗ ላይ ያሳርፉ። በ1፡1 መጠን (ምስሏ በካሜራው ሴንሰር ላይ ከእውነተኛ መጠኗ እኩል ሲያርፍ)፣ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል በሆነ)፣ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 አጥብበው እንኳ ጥርት የሚለው ጥልቀት ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አንግል ሲመርጡ የሚደበዝዘውንም እየመረጡ ነው። ክንፏን ለዘረጋች ቢራቢሮ ካሜራውን ከክንፎቿ ጋር ትይዩ ያድርጉ። ወደ ኤፍ 22 ማጥበቡን እኔ አልወደውም፤ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ዝርዝሩ ሁሉ ይለሰልሳል።

በፍሬሙ ጠርዝ ጫፉ የተቆረጠ የጥንዚዛ አንቴና በጣም ይከነክነኛል። ወይ ሙሉውን ያስገቡ፣ ወይ ደፍረው ቀርበው ፍሬሙን በፊቷ ይሙሉት። በጎን ስትታይ በምትመለከትበት በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉላት። መሃል ማስቀመጥ ግን ሁልጊዜ ነውር አይደለም፤ ፊት ለፊት የምታፈጥ ዘላይ ሸረሪት፣ በእነዚያ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ፣ መሃል ላይ ታምራለች።

ነፍሳትን በማቀዝቀዣ አደንዝዘው የሚያነሱ አሉ፤ እባክዎ አያድርጉት። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳታሞቃቸው ይሂዱ፤ ብርዱ ራሱ ያዘገያቸዋል፣ ፍሬምዎን ለማስተካከልም ጊዜ ያገኛሉ።