በኩባንያ ወጪ ሰልጥኖ የከባድ መኪና ሹፌር መሆን፦ ከወሎ ልጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ጅቡቲ ድረስ ተሳቢ ስነዳ ቆይቼ በዲቪ ወደ አሜሪካ ሄድሁ፤ እዚያም በአንድ የጭነት ኩባንያ ወጪ ሰልጥኜ እስካሁን በዚሁ ሥራ ላይ እገኛለሁ። አሁን ለእረፍት ኮምቦልቻ መጥቻለሁ። የዲቪ ዕድል የደረሳቸውና በዝግጅት ላይ ያሉ ብዙ ወጣቶች ስለዚህ ሥልጠና ስለጠየቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ኩባንያው ያሰለጥናል ሲባል ሥልጠናው በነጻ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ኩባንያው የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍነው እርስዎ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል፣ እንዲያገለግሉት በውል አስሮ ነው። ጊዜው ሳይሞላ ቢለቁ ወይም በጥፋት ቢባረሩ ቀሪው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይጠየቃሉ፤ አንዳንዱ ኩባንያ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከደመወዝ ላይ በየሳምንቱ ይቆርጣል። እኔ ውሉን ሳላነብ ፈረምሁ። በሰባተኛው ወር እናቴ ታምማ ወደ ሀገር ቤት መምጣት ግድ ሲሆንብኝ፣ የመጨረሻ ደመወዜ በሙሉ ለዕዳው ተወስዶ ቀሪውን ደግሞ ከዚህ ከተመለስሁ በኋላ በየወሩ ከፈልሁ። ያን ጊዜ ኩባንያውን ወቅሼ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ አስቀድሜ የምናገረው ይህንን ነው፤ ውሉን ቃል በቃል ሳታነቡ፣ ያልገባችሁንም ሳታስተረጉሙ አትፈርሙ።

ከዚህ የተለየ መንገድም አለ። በብዙ ግዛቶች ሥራ ለሌለው ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሹፌርነት ትምህርት የሚከፍልበት የሥራ ድጋፍ ስላለ፣ ከኩባንያ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት በምትኖሩበት አካባቢ ያለውን የሥራ ቢሮ ጠይቁ። በዚያ የተማረ ሰው የሚሠራበትን ኩባንያ ራሱ ይመርጣል።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ስድስት ዓመት ሲኖትራክ ነድቻለሁ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴ አያገለግልም?

ለንግድ ተሽከርካሪ አያገለግልም፤ አሜሪካ በዚህ ረገድ የምትቀበለው የካናዳንና የሜክሲኮን ፈቃድ ብቻ ነው። ለተሳቢ የሚያስፈልገው ክላስ ኤ የሚባለው ሲ.ዲ.ኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ነው። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አልፈው የተለማማጅ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ያንን ፈቃድ ቢያንስ 14 ቀን ሳይዙ የተግባር ፈተና መውሰድ አይችሉም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 7 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል መዝገብ ላይ በተመዘገበ ማሰልጠኛ ሳይማሩ ለተግባር ፈተና መቅረብ ተከልክሏል፤ የንድፈ ሐሳቡንም ፈተና ቢያንስ 80 በመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። ከግዛት ግዛት እየተሻገሩ ለመንዳት ዕድሜ 21 መሙላት አለበት።

አንድ ነገር ይያዙልኝ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች የሚያሰለጥኑት በአውቶማቲክ መኪና ነው፤ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ በእጅ ማርሽ እንዳይነዳ ገደብ ይጻፍበታል። በፍሪሲዮንና በካምቢዮ ላደጋችሁት ይህ ያስቆጫልና፣ ከመመዝገባችሁ በፊት በምን ዓይነት መኪና እንደሚፈትኑ ጠይቁ።

አስተያየት (ከመርሳ)፦ ከጅቡቲ መስመር የሄዱ ሹፌሮች በፈተና በብዛት ይወድቃሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ጭራሽ ነድቶ የማያውቅ ይሻላል።

አስተያየት (ከባቲ)፦ ይህ አባባል ልክ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በጭነት የወረደ ሰው የትኛውንም መንገድ አይፈራም። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ተሳቢ ወደ ኋላ መግፋት ለመልመድ ብቻ ወራት ይፈጅበታል።

አስተያየት (ከመርሳ)፦ አለመፍራቱ እኮ ነው ችግሩ። ሐረጎን የምንወርደው ፍሬን ላይ ቆመን ነው፤ አንዳንዱም ነዳጅ ለመቆጠብ በሞርቶ (ማርሽ አውጥቶ) ይለቀዋል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል። ተሳቢ ወደ ኋላ መግፋትን በተመለከተ የባቲው ወንድሜ ትክክል ነው፤ ስፔኪዮ ማንበብ የለመደ ዓይን ሌላው ብዙ ጊዜ የሚፈጅበትን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ቁልቁለትን በተመለከተ ግን የመርሳው ወንድሜ ያነሣው ከልቤ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወይም ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ስንወርድ አብዛኞቻችን ጭነቱን የምንይዘው በእግር ፍሬን ነው። እግር ከፍሬኑ ሳይነሣ በቆየ ቁጥር የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ሸራው የሚይዘው ታምቡርም በሙቀት ይሰፋል፤ በመጨረሻም መርገጫው እየተረገጠ መኪናው የማይቆምበት ሰዓት ይመጣል። በዚህ መንገድ ወንድሞቻችንን አጥተናል። በሞርቶ መውረድ ደግሞ ሞተሩ የሚሰጠውን እገዛ በሙሉ መጣል ስለሆነ ከዚህም ይብሳል። በሥልጠናው የተማርሁት እንዲህ ነው፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀነሳል፣ መኪናውን በዋናነት ሞተሩ ይይዘዋል፣ ፍሬን ደጋፊ ብቻ ነው። ለዚያ ቁልቁለት ደኅና የሚባለው ፍጥነት በሰዓት 40 ማይል ቢሆን፣ 40 ሲደርስ ፍጥነቱ መቀነሱ በግልጽ እስኪሰማ ድረስ ይረገጣል፤ 35 ሲሆን ፈጽሞ ይለቀቃል፤ ተመልሶ 40 እስኪሞላ አይነካም። በዚህ መካከል ሸራው ይተነፍሳል። ይህ ዘዴ ለአሜሪካ ተራራ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሐረጎ ላይም፣ ጣርማ በር ላይም ይሠራል፤ ወደ ውጭ የማትሄዱ ሹፌሮችም ተጠቀሙበት።

ከጅቡቲ መስመር የመጣን ሹፌሮች የምንወድቅበት ፈተና ግን መንዳቱ አይደለም፤ ከመነሣት በፊት የሚደረገው ፍተሻ ነው። እኛ ጎማ መትተን፣ ዘይት አይተን መነሣት ለምደናል፤ የቀረውንም ለረዳት እንተዋለን። እዚያ ረዳት የለም። የአየር ፍሬኑን ለመፈተሽ ሞተር አጥፍተው፣ የእጁን ፍሬን ለቀው፣ እግር ፍሬኑን ለአንድ ደቂቃ ረግጠው ይይዛሉ፤ ከነተሳቢው በደቂቃ ከ4 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ አየር መጥፋት የለበትም። ቀጥሎ ፍሬኑን ደጋግመው እየረገጡ አየሩን ሲያወርዱት፣ ከ55 በታች ከመውረዱ በፊት ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት፤ ከዚያም በታች፣ ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል፣ የእጁ ፍሬን በራሱ መቆለፍ አለበት። ይህንን ሁሉ ለፈታኙ በእንግሊዝኛ እያስረዱ ነው የሚሠሩት። ይህንን የፍሬን ፍተሻ በትክክል ያልፈጸመ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ቢሠራም፣ ያንኑ ቀን ይወድቃል።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ በወር ስንት ይከፈላል?

የሚከፈለው በአብዛኛው በማይል ነው፤ ኩባንያው፣ መስመሩና ልምዱ ይለያየዋል። በሥልጠና ጊዜ አነስተኛ ነው። ቁጥር ጠርቼ ማንንም አላጓጓም።

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሥራው የሚጠይቀው መንዳት ስለሆነ ችግር ይሆናል?

ይሆናል። ሹፌሩ የመንገድ ምልክት ማንበብ፣ ከፖሊስ ጋር መነጋገርና ቅጽ መሙላት እንዲችል ሕጉ ድሮም ያዝዛል፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ይህንን የማይችል ሹፌር በመንገድ ላይ ሲፈተሽ ከመንዳት እንዲታገድ እየተደረገ ነው። ከአሁኑ ይማሩ። የጠራ አነጋገር አይጠየቅም፤ የመኪናውን ክፍሎች ስም፣ የመንገዱን ምልክትና የጭነቱን ወረቀት የሚያህል ይበቃል። ውሉም በእንግሊዝኛ እንደሚጻፍ አይርሱ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ባለቤቴ የደም ግፊት አለበት፤ ይከለከላል?

እህቴ፣ በሕክምና ከተስተካከለ አይከለከልም። የሁለት ዓመት የጤና ካርድ ለማግኘት ግፊቱ ከ140 በ90 በታች መሆን አለበት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ለረጅም ጉዞ ጫት መያዝ ይቻላል?

በፍጹም አይቻልም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚያ ከተከለከሉት ዕፆች በመጀመሪያው መደብ ውስጥ ነው፤ የያዘ ሰው ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን በአሜሪካ የመኖር መብቱንም አደጋ ላይ ይጥላል። እንቅልፍን በተመለከተ ሕጉ ራሱ ያስተኛዎታል፤ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ሲሆን ከዚያም 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታ ነው፣ ሰዓቱንም መኪናው ላይ ያለ መሣሪያ ይመዘግባል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ስለ ሹፌርነት በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

ለዚህ መልስ መስጠት አልችልም። አንድ የተወሰነ ነገር ይጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ ሥልጠናው በነጻ ነው የሚባለው እውነት ነው?

የመጀመሪያው መልሴ ስለዚሁ ነው፤ እባክዎ ያንብቡት። በነጻ አይደለም። ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ጋሼ፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ የኩባንያው ውል ደርሶት ለእኔ ልኮልኛል፤ ሰኞ ይፈርማል። ምን ላይ እንይ?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። ዕዳው በጠቅላላ ስንት እንደሆነ፣ አገልግሎቱ የሚቆጠረው ከሥልጠናው መጀመሪያ ነው ወይስ ብቻውን መንዳት ከጀመረበት ቀን፣ በየወሩ ባገለገለ ቁጥር ዕዳው ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉውን ይቆያል፣ በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ሥራውን ቢለቅ ምን ይሆናል የሚሉትን ፈልግ። አራተኛው ነው እኔን የጎዳኝ። እስከ እሑድ ኮምቦልቻ ስለምቆይ ውሉን አሳትመህ ይዘህልኝ ና፤ አብረን እናንብበው፣ ወንድምህም እስከዚያ እንዳይፈርም ዛሬውኑ ደውልለት።